ጨዋታውና ተጫዋቹ፦ በሥነ ባሕርይ ኢኮኖሚክስ ሙከራ መንደፍን ስለ መማር

ሙከራ መንደፍን የሚያስተምሩ የሥነ ባሕርይ ኢኮኖሚክስ መማሪያዎች በአብዛኛው አንድ ልማድ ይጋራሉ። ተማሪው አስቀድሞ የጨዋታውን ሕግ ያጠናል፤ ተጫዋቹ ማን እንደ ሆነ የሚጠይቀው ግን ውጤቱ ከተሰበሰበ በኋላ፣ ያውም ቍጥሩ ከተጠበቀው ውጭ ሲሆንበት ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው ይህ ቅደም ተከተል የሚገኘውን ዕውቀት ራሱን የሚያዛባ መሆኑን ነው።

ትምህርቱ ያስገኘውን ጥቅም አንክድም። ቬርኖን ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተመው ጥናት እንዳስረዳው፣ የተሳታፊው ክፍያ ከውሳኔው ጋር የተያያዘና ለማሰብ ለሚደክመው ድካም የሚበቃ መሆን አለበት። በዚህ ላይ ሰዎችን በዕጣ መደልደል፣ ማነጻጸሪያ ቡድን ማቆምና ተሳታፊን አለማታለል ተጨምረው የሙያው ሥነ ሥርዓት ሆነዋል። እነዚህን እንቀበላለን። ተቃውሟችን «ገለልተኛ ቋንቋ ተጠቀሙ» በሚለው ምክር ላይ ነው። ተሳታፊው «ተጫዋች ሀ» ተብሎ ሲጠራና ጨዋታውን ከኑሮው ጋር የሚያያይዝለት ቃል ሲነፈገው፣ በባዶ ሜዳ ላይ የሚወስን ይመስላል። ነገር ግን ሰው ያልተሰጠውን ትርጕም ከቤቱ ይዞ ይመጣል።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነን እነ ቬርነር ጉት እ.ኤ.አ. በ1982 ለኅትመት ያበቁት፣ እኛ «ውሰድ ወይም ተው» ልንለው የምንችለው ጨዋታ ነው። አንዱ ከተሰጠው ገንዘብ ለሌላው ድርሻ ያቀርባል፤ ሌላው ከተቀበለ ሁለቱም ድርሻቸውን ይወስዳሉ፤ እምቢ ካለ ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ጥቅሙን ብቻ የሚያሰላ ሰው ጥቂትም ቢሆን ይቀበላል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ግን እንደ ወትሮው ከ40 እስከ 50 በመቶ ያቀርባሉ፤ ከ20 በመቶ በታች የሆነውንም አዘውትረው ይጥላሉ። ጆሴፍ ሄንሪክና ባልደረቦቹ ይህንኑና መሰል ጨዋታዎችን ወደ 15 ትናንሽ ማኅበረሰቦች ወስደው እ.ኤ.አ. በ2001 ውጤቱን ሲያሳትሙ ሥዕሉ ተለወጠ። በፔሩ የማቺጌንጋ ሰዎች በአማካይ 26 በመቶ አቀረቡ፤ እምቢ ያለም እጅግ ጥቂት ነበር። ዓሣ ነባሪ በኅብረት የሚያድኑት የኢንዶኔዥያ ላማሌራዎች 58 በመቶ ያህል ሰጡ። በፓፑዋ ኒው ጊኒ በአውና በግናው ዘንድ ደግሞ ከግማሽ በላይ ቀርቦላቸው እንኳ እምቢ ያሉ ነበሩ፤ በዚያ ያልተጠየቀ ስጦታ መቀበል ሰጪው በፈለገ ጊዜ የሚያስከፍለው ዕዳ ነውና።

ሕጉ አንድ ነበር፤ ጨዋታውስ አንድ ነበርን? በኬንያ ኦርማዎች የጋራ መዋጮ ጨዋታ ሲቀርብላቸው ወዲያው «የሐራምቤ ጨዋታ» አሉት፤ ትምህርት ቤትና መንገድ ለመሥራት የሚያዋጡበትን ልማድ አይተውበታልና። ስሙን ያወጡለት ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ የማቺጌንጋን ቍጥር አንብቦ «ስስታሞች»፣ የላማሌራን አንብቦ «ቸሮች» ብሎ የሚደመድም ተማሪ፣ ሰዎቹ በልባቸው የትኛውን ጨዋታ ይጫወቱ እንደ ነበር ሳይጠይቅ ፈርዷል።

ጉዳዩ አገራችንንም ይመለከታል። የዴቬሽ ሩስታጊ፣ የስቴፋኒ ኤንግልና የሚካኤል ኮስፌልድ ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2010 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣው፣ ምስጋና ይገባዋል። በባሌ በ49 የደን ተጠቃሚ ቡድኖች ውስጥ «ሌላው ካዋጣ አዋጣለሁ» የሚሉትን ሰዎች በጨዋታ ለይተው፣ ውጤቱን ከደኑ ይዞታና አባላቱ ለጥበቃ ከሚያውሉት ጊዜ ጋር አገናዘቡ። እንዲህ ያሉ ሰዎች በበዙበት ቡድን ደኑ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ጨዋታው በእውነተኛ ዛፍ መመዘኑ የንድፉ ብርታት ነው። ሆኖም ተባባሪዎቹ በየቡድኑ በዕጣ አልተደለደሉም። መተባበር ደኑን አዳነው ወይስ የዳነው ደን መተማመንን ወለደ? ስታቲስቲክስ ጥርጣሬውን ያጠብበዋል እንጂ ዕጣን አይተካም።

«ዕጣ» ስንል ደግሞ ቃሉ ራሱ ያቆመናል። ኤሊዛቤት ሆፍማንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1994 እንዳሳዩት፣ የአቅራቢነቱ ቦታ በውድድር ሲገኝ ሰው ለሌላው የሚያቀርበው ድርሻ ይቀንሳል፤ በጥረቱ ያገኘው መብት ይመስለዋልና። በዚህ አስተሳሰብ ዕጣ መብት የማያስገኝ ተራ አጋጣሚ ነው። በአማርኛ ግን ዕጣ የዕቁብ ተራ ነው፤ የመሬት ክፍፍል ነው፤ ማትያስን ከሐዋርያት ጋር ያስቈጠረው የእግዚአብሔር ፈቃድም ነው። «ዕጣው ለእርስዎ ወጥቷል» የተባለ ተሳታፊ የሚሰማው «በአጋጣሚ አገኙት» የሚለውን ነው ወይስ «ይገባዎታል» የሚለውን? በግምት አንመልስም፤ ሁለቱን አነጋገር ለሁለት ቡድኖች አቅርቦ መፈተን ይቻላል። ይህን ጥያቄ ለማንሣት ግን ቋንቋውን ከውስጥ የሚያውቅ ነዳፊ ያስፈልጋል።

ከእንደዚህ ያሉ ሙከራዎች የሚወጣው ድምዳሜ ስለ ብድር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ሰብል መድን በሚደረግ ውሳኔ ውስጥ ሊገባ ይችላል። «ደፍሮ የማይሞክር» ተብሎ የተመዘገበ ገበሬ ምናልባት የተጠራጠረው ገንዘብ አዳዩን እንግዳ ይሆናል። ስለዚህ ለወጣት ተማሪዎቻችን የምንመክረው ይህ ነው፦ ጨዋታውን በቅድሚያ ከጥቂት ሰዎች ጋር ሞክረው «ይህ በኑሯችሁ ምን ይመስላል?» ብለው ይጠይቁ፤ መመሪያውን አስተርጕመው በሌላ ሰው ወደ መጀመሪያው ቋንቋ ያስመልሱ፤ የሚጠብቁትንም ውጤቱን ሳያዩ ጽፈው ያስቀምጡ። በባዕድ አገር የተማርን ሰዎች የሌላውን መመሪያ ተርጓሚና መረጃ ለቃሚ ሆነን ከቀረን፣ የሕዝባችን ባሕርይ ባልገባው ጥያቄ ሲለካ ይኖራል፤ ተጠያቂዎቹም እኛው እንሆናለን።