«አይ ሰቨን አድርግልኝ»

ላፕቶፕ በማደስ ስም መርካቶ ውስጥ ከሚሸጡ ተስፋዎች ሁሉ እንደ «ፕሮሰሰሩን እናሳድገዋለን» ያለ ትርፋማ ተስፋ ያለ አይመስለኝም። ሁልጊዜ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። አንዳንዱ እውነት ነው፤ አንዳንዱ እውነት ሆኖ የማይጠቅም ነው፤ ብዙው ግን ከመጀመሪያውም ሊሆን የማይችል ነገር ነው። ሦስቱን ለይቶ የሚያውቅ ደንበኛ ጥቂት ስለሆነ ሦስቱም በአንድ ዋጋ ይሸጣሉ።

እስቲ ከሥሩ እንየው። እኛ ዘንድ «ስላይትሊ ዩዝድ» ተብሎ የሚሸጠው ላፕቶፕ አብዛኛውን ጊዜ የውጭ አገር መሥሪያ ቤት ሦስትና አራት ዓመት ተገልግሎበት ያሰናበተው ዴል ላቲትዩድ፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ ወይም ሌኖቮ ቲንክፓድ ነው። («ስላይትሊ» የምትባለው ቃል ግን እንዴት ያለች ትሁት ናት!) ዕቃው ጠንካራ ስለሆነ እዚህ ደርሶ ሌላ ስድስትና ሰባት ዓመት ይሠራል። በዕቃው አላፍርም። የሚያሳፍረው የእኛ የገዢዎች ጥያቄ ነው። ዲስኩ ምን ዓይነት ነው፣ ባትሪው ስንት ሰዓት ይይዛል፣ ስንተኛ ትውልድ ነው አንልም። «አይ ስንት ነው?» ነው የምንለው። አይ ስሪ ከሆነ ፊታችን ይጠቁራል፤ አይ ፋይቭ ከሆነ እንከራከራለን፤ አይ ሰቨን ከሆነ እጃችን ወደ ኪስ ይገባል።

አይ ሰቨን ግን የማዕረግ ስም ነው እንጂ የጉልበት ልክ አይደለም። ኢንቴል በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው አይ ሰቨን 7500ዩ ያለው ሁለት ኮር ብቻ ነው። በዓመቱ የመጣው አይ ፋይቭ 8250ዩ ደግሞ አራት ኮር ይዞ መጣ። ጦር የሌለው ደጃዝማችና አራት መቶ ጠመንጃ ያሰለፈ የጎበዝ አለቃ እንደማለት ነው። ገበያው ግን ዛሬም ለማዕረጉ እጅ ይነሣል።

ፕሮሰሰር መቀየር የሚቻልበት ዘመን አልነበረም አይባልም። በ2011 እ.ኤ.አ. በወጡት በቲንክፓድ ቲ420 ወይም በዴል ላቲትዩድ ኢ6420 ውስጥ ፕሮሰሰሩ መቀመጫ ላይ የተሰካ ነው። መቆለፊያዋን በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ግማሽ ዙር ታዞሯታላችሁ፣ አሮጌው ይነሣል፣ ሌላው ይቀመጣል። እስከ አራተኛው ትውልድ፣ ማለትም በ2013 እ.ኤ.አ. እስከ ወጣው ቲ440ፒ ድረስ እንዲህ ያሉ ማሽኖች ነበሩ። ከአምስተኛው ትውልድ ወዲህ የኢንቴል የላፕቶፕ ፕሮሰሰር በመቀመጫ መሰካቱ ቀረ፤ ከማዘርቦርዱ ጋር ተበየደ። ከዚያ በፊትም ቢሆን ቀጫጭኖቹ፣ ቁጥራቸው በ«ዩ» የሚያልቀው፣ የተበየዱ ነበሩ። ስለዚህ በቀጭን ላፕቶፕ ላይ «ፕሮሰሰሩን ብቻ ነቅዬ አይ ሰቨን እተክልልሃለሁ» የሚል ሰው ወይ ሙሉ ማዘርቦርዱን ሊቀይር ነው፣ ወይ ሊዋሽ ነው። ማዘርቦርድ መቀየር ነውር የለበትም፤ ነገር ግን ስሙ ማዘርቦርድ መቀየር ይባል፣ ዋጋውም በዚያው ስም ይነገር።

የሚነቀለውም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው። ለ35 ዋት ሙቀት የተሠራን ማቀዝቀዣ 45 ዋት የሚበላ ባለ አራት ኮር ስትጭኑበት ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ቤት መጮኽ ይጀምራል። ሙቀቱ ሲያልፍ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ የከፈላችሁበት ጉልበት የሚጠፋው ያን ጊዜ ነው። ሦስተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር የሁለተኛው ትውልድ መቀመጫ ላይ ልክ ይገባል፤ ባዮሱ ካላወቀው ግን ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ይኼን የሚያውቅ ጠጋኝ መርካቶ ውስጥ አለ። የማያውቀውም እንዲሁ አለ፤ ችግሩ ሁለቱም ሱቅ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው።

አንድ የማውቀው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመጨረሻ ዓመት ሥራው አላላውስ ሲለው፣ እናቱ ከዕቁብ የደረሳትን ብር ሰጥታው ላፕቶፑን «አሳደገ»። ሁለት ሳምንት ተመላለሰ። ሲረከብ የአይ ሰቨን ተለጣፊ ምልክት ቦታው ላይ ቁጭ ብሏል፤ ውስጡ ያለው ግን ያው የድሮው አይ ፋይቭ ነበር። ዊንዶውሱ ራሱ፣ ተግባር መቆጣጠሪያው ላይ፣ የፕሮሰሰሩን ስም ቁልጭ አድርጎ ይጽፋል። ለማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ልጁ ያየው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ በእጁ የነበረው ወረቀት «የላፕቶፕ ጥገና» ከሚል ሁለት ቃል በቀር ምንም የለበትም።

የሚያሳዝነው ያ ልጅ ፕሮሰሰር አለመፈለጉ ነው። የእሱ ላፕቶፕ ያዛገመው በሃርድ ዲስኩ ምክንያት ነበር። የተለመደው የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን ነው፤ እዚህም እዚያም የተበታተነ ፋይል ሲጠየቅ ማንበቢያው ከቦታ ቦታ መሮጥ ስላለበት በሰከንድ ከመቶ ጥያቄ በላይ መመለስ ያቅተዋል። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ይመልሳል። ልዩነቱ ጆሮ ላይ ሳይቀር ይታወቃል፤ ያ ክር ክር የሚል ድምፅ ይጠፋል። በላዩ ራሙን ከአራት ወደ ስምንት ጊጋባይት ማድረስ፣ የማራገቢያውን አቧራ መጥረግ፣ ፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀውን ማስተላለፊያ ቅባት ማደስ ነው። የአሥር ዓመት ማሽን ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ሰው የሚሆነው በዚህ ነው።

እዚህም ቢሆን ዓይን ይፈልጋል። ዲዲአር3 እና ዲዲአር3ኤል የሚባሉት ራሞች መልካቸው አንድ ነው፤ አንዱ 1.5 ቮልት፣ ሌላው 1.35 ቮልት ይፈልጋል፤ አራተኛው ትውልድ ላፕቶፕ የሚሻው ዝቅተኛውን ነው። እንደ ማስቲካ ቀጭን የሆነው ኤም 2 ዲስክም ሳታ እና ኤንቪኤምኢ የሚባሉ ሁለት ዓይነት አለው፤ ላፕቶፑ የማይቀበለውን ገዝቶ መመለስ ደግሞ በእኛ አገር ከባድ ነው። «አንድ ቴራ» የሚል ጽሑፍ የለበሰ፣ ውስጡ ግን የጥቂት ጊጋባይት ሚሞሪ የሆነ ፎርጅድ ዲስክም አለ። ኮምፒዩተሩ ራሱ አንድ ቴራ ብሎ ያነበዋል፤ ተንኮሉ የሚታየው ዲስኩ ሲሞላና የተቀመጠው ሲከፈት ነው።

ታዲያ ጠጋኙ ይኼን ለምን አይነግረንም? ይነግረናል እኮ! የማይሰማው ማን ሆነና?

«ጋሼ፣ ፕሮሰሰሩ ምንም አልሆነም። የደከመው ሃርድ ዲስኩ ነው። ኤስኤስዲ እናስገባለት፣ ይበቃዋል።»

«አንተ ልጅ፣ እኔ አይ ሰቨን አድርግልኝ ነው ያልኩህ።»

«ይሄኛው አይቀየርም፣ ጋሼ። የተበየደ ነው።»

«ካልቻልክ አልችልም በል!»

ጋሼ ተቆጥተው ወጥተው ሦስት ሱቅ አልፈው ይገባሉ። እዚያ ያለው ልጅ ሳይከፍተው «ችግር የለም፣ ጋሼ፤ ነገ ከሰዓት ይምጡ» ይላቸዋል። ጎበዝ አገኘሁ ብለው ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። እውነቱን የተናገረው ልጅ የዕለቱን እንጀራ አጣ፤ ሳያየው «እሺ» ያለው አገኘ። የኤስኤስዲ ዋጋ ደግሞ ሁሉም ሱቅ ይታወቃል፤ ትርፉ ቀጭን ነው። የ«ማሳደግ» ዋጋ ግን አይታወቅም፤ የሚቆረጠው በጋሼ ኮት ነው። እንግዲህ በዚህ ገበያ ታማኝ ሆኖ የሚቆይ ጠጋኝ ካለ ከእኛ ከደንበኞቹ ያገኘው እርዳታ የለም።

ጠጋኞቹን በጅምላ የሚንቅ ጽሑፍ እንዳይመስልብኝ ስለ ምናለሽ ተራ ልናገር። ቁራሌው ከየሰፈሩ የሰበሰበው፣ ልዋጭ ባዩ በሳህንና በጆግ የለወጠው፣ መሥሪያ ቤት በጨረታ ያራገፈው ሁሉ እዚያ ይደርሳል። ማጠፊያው የተሰበረ ላፕቶፕ ስክሪኑ ለአንዱ፣ ኪቦርዱ ለሌላው፣ ራሙ ለሦስተኛው ይሆናል። ፋብሪካው ማምረት ያቆመውን መለዋወጫ እዚያ ታገኙታላችሁ። አውሮፓውያን ዛሬ «የመጠገን መብት» ብለው በሕግ የሚከራከሩበትን ነገር ምናለሽ ተራ ያለ ስም ስትሠራው ኖራለች። ዋጋውን የሚከፍለው ግን በባዶ እጁ የሚፈታው ወጣት ነው፤ የመዳብ ሽቦ ለማውጣት የሚቃጠለው ፕላስቲክ፣ ከብየዳው የሚወጣው እርሳስ፣ ያበጠው የሊቲየም ባትሪ ሁሉ ከእሱ ጋር ነው የሚውለው። የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ውጋጅን የሚመለከት ደንብ ቁጥር 425/2010 ወጥቶልናል። ደንቡ ጓንት ሆኖ እጁ ላይ ሲጠለቅ ለማየት ግን አልታደልንም።

ሌላም የማይወራ ነገር አለ፤ ከላፕቶፓችሁ የወጣው አሮጌ ሃርድ ዲስክ የት ሄደ? ጠረጴዛው ላይ ትተነው እንወጣለን። «ፎርማት አድርጌዋለሁ» የሚለው ቃል ያጽናናናል። በተለመደው ፈጣኑ ፎርማት ግን የሚጠፋው ማውጫው እንጂ ጽሑፉ አይደለም፤ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ይመልሰዋል። የልጅ ፎቶ፣ የመታወቂያ ቅጂ፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያለበት ዲስክ ነው መርካቶ ላይ እንደ ሽሮ ማሰሮ የምንጥለው። በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ አዋጁን የምትጠቅሱበት ከሆነ ግን መጀመሪያ ዲስካችሁን ቦርሳችሁ ውስጥ ክተቱ።

ይኼ ሁሉ የትርፍ ሰዓት ጨዋታ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከመቶ አለፈ። የአዲስ ላፕቶፕ ዋጋም አብሮ ተሰቀለ፤ ብዙ ተማሪ ያለውን ከማደስ ሌላ መንገድ የለውም። በዚህ ላይ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቆመ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል በጥቅሉ ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ ወዲህ ያለውን፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደኅንነት ቺፕ የያዘውን ነው የሚቀበለው። አራተኛውን ትውልድ ወደ አይ ሰቨን ያሳደገ ሰው ገንዘቡን ያፈሰሰው በር በተዘጋበት ማሽን ላይ ነው። ኡቡንቱን የመሰለ ነፃ ሊኑክስ ቢጭንበት ማሽኑ ገና ብዙ ያገለግላል፤ አማርኛም ይጻፍበታል። ይኼን አማራጭ ሳይጠየቅ የሚነግር ሱቅ አላጋጠመኝም፤ የሚሸጥ ነገር የለውማ።

የደረሰኝ ነገር በኅዳር 2017 ዓ.ም. መርካቶን ሱቅ እስከማዘጋት አድርሷት እንደነበር የምናስታውሰው ነው። ያኔ የተነሣው ክርክር መንግሥት ስለሚሰበስበው ግብር ነበር። ደረሰኝ ለደንበኛው ምን እንደሚጽፍለት ያነሣ አልነበረም። የወጣው ዕቃ ስምና ቁጥር፣ የገባው ዕቃ ስምና ቁጥር፣ አዲስ ይሁን ከምናለሽ ተራ የመጣ፣ ስንት ወር ዋስትና እንዳለው፤ አራት መስመር ነው። አንዳንድ ጠጋኞች ራም ወይም ዲስክ ሲያስገቡ ትንሽ ወረቀት ለጥፈው ቀኑን በእስክሪብቶ ይጽፉበታል፤ በኋላ «ይኼ የእኔ ዕቃ አይደለም» ላለማለትም ላለመባልም። እንዲህ ያለ ልጅ ያገኘ ሰው ስልኩን ይያዝ፤ ሲነግረውም ይስማው።