የአጥንት ሚዛን፦ ልጅነት፣ ስለትና ዘር በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ገጸ ባሕርያት

መግቢያ

ኮን ያደገ ሰው፣ የየትኛውም ቤተ እምነት ልጅ ይሁን፣ ስለ ቅኔ ሳይሰማ አያድግም። ኮን የዋድላ ወረዳ ከተማ ናት፤ ዋድላ ደግሞ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ስሙ የሚነሣ የቅኔ ቤት ነው። እኔ ያደግሁት በወንጌላውያን ቤት ስለሆነ ከቅኔ ጉባኤ አልተቀመጥሁም። ይሁን እንጂ ሰሙን ይዞ ወርቁን ጥሎ የሚሄድ ሰው እንደሚሣቅበት ከልጅነቴ ጀምሮ ዐውቃለሁ።

ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ዋና ገጸ ባሕርይ በዛብህ ቦጋለ የቅኔ ተማሪ ነው፤ ደራሲውም ራሳቸው በጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት ቤቶች ተምረዋል። መጽሐፉን ግን ብዙዎቻችን በሰሙ ብቻ አንብበነዋል፤ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ስንሰማውም እንዲሁ ነበር። ሰሙ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር ነው። በእኛ ዘንድ ደግሞ ሌላ ልማድ አለ፤ ሰባኪው የበዛብህን ስለት ያነሣና የሰው ወግ እንዴት እንደሚያስር ተናግሮ ወደሚቀጥለው ነጥብ ያልፋል። ሁለቱም ንባቦች መንገድ ላይ የቀሩ ይመስሉኛል። ልብ ወለዱ ዐዋቂዎች ልጆችን በምን ሚዛን እንደሚመዝኑ ይመረምራል፤ ያ ሚዛን ደግሞ በእኛም ቤት ይገኛል።

ሌላው የከፈለው ስለት

የበዛብህ እናት ውድነሽ በጣሙ ክፉ ሴት አይደለችም። ልጇን እንዳታጣ የፈራች እናት ናት፤ ልጁ ቢተርፍላት ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ሊሰጥ፣ ሳያገባም ሊኖር ተሳለች። ደራሲው ይህችን ሴት እንድንጠላት አይፈልጉም፤ የጥያቄው ክብደትም እዚህ ላይ ነው። ስለቱ ከፍቅርና ከፍርሃት ተወለደ፤ ዕዳው ግን የተጻፈው ቃል ባልተነፈሰው ልጅ ላይ ነው። በዛብህ ካደገ በኋላ ፍቅር ሲይዘው የሚታገለው ከገዛ ምኞቱ ጋር ብቻ አይደለም፤ የእናቱ ፍቅር ራሱ ከሳሽ ሆኖ በፊቱ ይቆማል።

ወንጌላዊ አንባቢ ወዲያው ሐናንና ሳሙኤልን ያስባል። ንጽጽሩ ተገቢ ነው፤ ሆኖም ልዩነቱን ልብ ማለት ያሻል። ሳሙኤል በሌሊት በስሙ ሲጠራ ራሱ ሰምቶ ራሱ መለሰ (1ሳሙ. 3)። በኋላም ወንዶች ልጆች እንደነበሩት ተጽፏል (1ሳሙ. 8፥1)፤ ለእግዚአብሔር መሰጠቱ ቤት ከመመሥረት አላገደውም። በዛብህ ግን ያችን ሌሊት አላገኘም። ጥሪው ከእናቱ አንደበት ወጥቶ በእርሱ አንገት ላይ ታሰረ። የእርሱ ታሪክ ከሳሙኤል ይልቅ ወደ ዮፍታሔ ልጅ ይቀርባል (መሳ. 11)፤ አባት ይሳላል፣ ልጅ ትከፍላለች። ጌታም «ቍርባን» የተባለውን ስእለት ሲነቅፍ (ማር. 7፥9–13) ያጋለጠው ለእግዚአብሔር የሚደረግ የሚመስል ነገር የቅርብ ሰውን ሲጎዳ ነው።

እኛ ስለት አንሳልም እንል ይሆናል። ነገር ግን ገና በማኅፀን ያለን ሕፃን በትንቢት ስም አገልጋይ ብለን የሾምን፣ ወላጅ ያልሄደበትን የአገልግሎት መንገድ ልጅ እንዲሄድበት ያስገደድን ስንቶች ነን? ቃሉ ተለወጠ እንጂ ዕዳው ያው ነው።

የፊታውራሪው ሚዛን

በማንኩሳ የድኻ ልጅ በስለት ሲታሰር፣ በዲማ ደግሞ የባላባት ልጅ በአጥንት ትታሰራለች። ፊታውራሪ መሸሻ ለሰብለ ወንጌል የመጣውን ጠያቂ ሁሉ ዘሩን ቆጥረው ይመልሳሉ። ልጃቸውን ይወዳሉ፤ ይህን መካድ መጽሐፉን አለማንበብ ነው። ነገር ግን ፍቅራቸው የሚሠራው በትውልድ ሐረጋቸው ልክ ነው። ሰብለ ዕድሜዋ ይገፋል፤ የሚመጥናት የለም ተብሎ በአባቷ ቤት ልጅ ሆና ትቀራለች። የተከበረች እስረኛ ናት።

ደራሲው ፊታውራሪውን አስቀድመው የሚያሥቁ አድርገው ይስሏቸዋል። ጉራቸው፣ ቁጣቸውና የድሮ ጀግንነታቸው ትዝታ ያዝናናናል። ቆይተን ግን ያው የሚያሥቀን ኩራት ገበሬውን ከግብሩ በላይ ሲያስጨንቅ፣ ጭሰኛውንም ለዐመፅ ሲገፋ እናያለን። አበጀ በለው የሚባለው ገበሬ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ሴት ልጅን ያለ ባል ያስቀረው ሚዛንና ገበሬን ያራቆተው ሚዛን አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ሰው በአጥንቱ ይበልጣል ወይም ያንሣል ብለው ይነሣሉ። ያዕቆብ በጉባኤ ውስጥ ለሰው ፊት ማድላትን ከእምነት ጋር አብሮ የማይሄድ ነገር አድርጎ ሲያስቀምጥ (ያዕ. 2፥1–9) ስለ መልካም ጠባይ ብቻ አልተናገረም። ሚዛኑ ራሱ የሐሰት ነው ማለቱ ነው።

ጉዱ ካሣና አቲከስ

የዚህ ዓይነቱን ሚዛን በሌላ አገር የመረመረ ልብ ወለድ አጠገቡ ብናኖር ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። አሜሪካዊቷ ሃርፐር ሊ እ.ኤ.አ. በ1960 ያሳተመችው «ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ» በ1930ዎቹ፣ በአላባማ ውስጥ ሜይኮምብ በምትባል ምናባዊ ከተማ የተፈጸመ ነገር ይተርካል። ተራኪዋ ስካውት የተባለች ልጅ ናት። አባቷ አቲከስ ፊንች ነጭ ሴት ደፍረሃል ተብሎ በሐሰት ለተከሰሰው ጥቁር ሰው ለቶም ሮቢንሰን ጥብቅና ይቆማል። የቶም ግራ እጁ የማይሠራ መሆኑን፣ ልጅቷን የመታት ግን ግራኝ መሆኑን በችሎት ያሳያል። ማስረጃው ግልጽ ነው፤ ፍርዱ ግን ቀድሞ በቆዳ ቀለም ተፈርዶ ነበር። ቶም ከእስር ለማምለጥ ሲሞክር በጥይት ተገደለ።

አቲከስና ጉዱ ካሣ ሁለቱም እውነትን ተናግረው ማንንም አላዳኑም። ልዩነታቸው የቆሙበት ስፍራ ነው። አቲከስ ሕግ አለው፣ ችሎት አለው፣ በከተማው የተከበረ ስም አለው፤ የሚሰማው ቢያጣ እንኳ እንዲናገር ተፈቅዶለታል። ካሣ ዳምጤ ያለው አንደበቱ ብቻ ነው። የፊታውራሪው ዘመድ ሆኖ ሳለ የዘርን ኩራት ስለ ነቀፈ «ጉዱ» የሚል ቅጽል ወጣለት። ቅጽሉን ቀልድ ብቻ አድርገን ማየት የለብንም፤ ሰውየውን ላለመስማት የተበጀ መሣሪያ ነው። «ጉድ» ያልነው ሰው የሚለውን መመለስ አያስፈልገንማ! ዘመዶቹ ጌታን አብዷል ባሉት ጊዜ (ማር. 3፥21)፣ ፊስጦስም ጳውሎስን እንዲሁ ባለው ጊዜ (ሐዋ. 26፥24) የሠራው ይኸው መሣሪያ ነበር።

ስለዚህ ጉዱ ካሣን ነቢይ ብሎ ማሞገስ ቀላል ነው፤ የሚከብደው በገዛ ጉባኤያችን «ጉዱ» ብለን ያለፍነው ማን እንደሆነ መጠየቅ ነው።

የሜይኮምብ ሴቶች ጸሎት

በሃርፐር ሊ መጽሐፍ ለኛ ለወንጌላውያን በተለይ የሚያቆስል አንድ ትዕይንት አለ። የሜይኮምብ ሴቶች የወንጌል ተልእኮ ማኅበር ተሰብስበው ሻይና ኬክ ይዘው፣ «ምሩና» ስለተባሉ ምናባዊ የአፍሪካ ሰዎች ችግር ያለቅሳሉ። ከዚያው ወንበር ሳይነሡ፣ ከቶም ፍርድ በኋላ ፊታቸውን ስላጠቆሩ ጥቁር ሠራተኞቻቸው በንቀት ያወራሉ። አንባቢ እንዳይጠፋው በዚያው ሰዓት የቶም ሞት ወሬ ወደ ቤቱ ይገባል።

ይህን ትዕይንት አሜሪካዊ አንባቢ ከሴቶቹ ወገን ሆኖ ያፍርበታል። እኛ ደግሞ በመጀመሪያ የምናነበው ከ«ምሩና» ወገን ሆነን ነው፤ የተለቀሰልን እኛ ነንና! እዚያ ላይ ብንቆም ግን ራሳችንን ማታለል ይሆናል። እኛም ወንጌል ላልደረሰው ሩቅ ሕዝብ በእንባ ጸልየን፣ መባ ሰብስበን ስንወጣ በደጃፋችን የተቀመጠችውን ሸክላ ሠሪ ሰላም ሳንላት እናልፋለን። በዚያው መጽሐፍ የጥቁሮቹ ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ሬቨረንድ ሳይክስ ለቶም ሚስት ዐሥር ዶላር እስኪሞላ ድረስ ማንም እንዳይወጣ በሩን ያዘጋሉ። ይህ ድኻ ጉባኤ በመካከሉ ያለውን ጉዳት አይቷል፤ ያኛው ማኅበር ማየት የሚችለው ባሕር ማዶውን ብቻ ነው።

የኢትዮጵያ ወንጌላዊት እምነት ታሪክ ይህን ይረሳ ዘንድ አይገባም ነበር። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የመለሰው፣ ሥራውም እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመለት ኦነሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ተነጥቆ በባርነት የተሸጠ፣ በምጽዋም ነጻ የወጣ ሰው ነው። ስሙ ራሱ በፊልሞና መልእክት የምናውቀውን ባሪያ ያስታውሰናል። በአጥንት ሚዛን ቢመዘን ኖሮ ማንም ቃሉን ከእርሱ እጅ ባልተቀበለ።

ሁለቱም መጻሕፍት ያላዩት

አድናቆቴ ሂስን አይከለክለኝም። በሁለቱም መጻሕፍት የመጨረሻው ዝቅተኛ ስፍራ ያለው ሰው የሚታየው ከላይ ነው። ቶም ሮቢንሰን በችሎት ቃሉን ከሰጠ በኋላ ድምፁን አንሰማም፤ ሞቱም በሌላ ሰው አፍ ይነገረናል። ስካውትን ያሳደገቻት ካልፐርኒያ በገዛ ቤቷ ምን እንደምታስብ አናውቅም። ሐዲስ ዓለማየሁ በዚህ ረገድ አንድ እርምጃ ይቀድማሉ፤ አበጀ በለውና ገበሬዎቹ የሚታዘንላቸው ብቻ አይደሉም፣ መክረው ይነሣሉ። ሆኖም የታሪኩ እንባ የሚፈስሰው ለገበሬዎቹ አይደለም። በደገኛው አገር ከገበሬውም በታች የተቀመጠ ሰው አለ፤ ቀጥቃጩ፣ ፋቂው፣ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋ «ቡዳ» እየተባሉ በጋብቻና በማዕድ ሲገለሉ ኖረዋል። ምጣዳቸውን ገዝተን እንጀራችንን እንጋግርበታለን፤ እጃቸውን ግን ከማዕዳችን እናርቃለን። የእነርሱን ልጅነት ከውስጥ ሆኖ የሚተርክ እንዲህ ያለ ሰፊ ልብ ወለድ ገና እንጠብቃለን።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ መናገር ግዴታ ይሆንብኛል። ልጅ ሳለሁ በቤታችን የጸሎት ኅብረት ይደረግ ነበር። ወንጌልን የተቀበሉ አንዲት ሸክላ ሠሪ እናት ይመጡ ነበር፤ ከማንም ይልቅ በእንባ የሚጸልዩ እርሳቸው ነበሩ። ከጸሎት በኋላ ቡና ሲቀርብ ሲኒ የማዳርሰው እኔ ነበርሁ። አንዲት ጫፏ የተሸረፈ ሲኒ ነበረች፤ ለእርሳቸው የምሰጠው እርሷን ነበር። እንዲህ አድርግ ብሎ ያዘዘኝ ሰው አልነበረም፤ ግን ዐውቅ ነበር። እርሳቸውም ያውቁ ነበር፤ በሁለት እጃቸው ተቀብለው መርቀውኝ ይጠጡ ነበር። ስካውት ከተማዋ የምታስተምራትን ነገር ለመማር እምቢ ያለች ልጅ ናት። እኔ ሳልጠየቅ ተማርሁ።

ማጠቃለያ

ጴጥሮስ በአንጾኪያ ከአሕዛብ ማዕድ ሲያፈገፍግ ጳውሎስ የነገረው ትሕትና ጎደለህ ብሎ አይደለም፤ ከወንጌል እውነት ጋር አልሄድህም ነው ያለው (ገላ. 2፥11–14)። የማዕድ ጉዳይ የጽድቅ ትምህርት ጉዳይ ሆነ። በሴሚናሪዎቻችን ስለ ጽድቅ በእምነት በትጋት እናስተምራለን፤ ሲኒው ግን በጓዳ ለብቻው እንደተቀመጠ ነው።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ስናስተምር ስለዚህ ሰብለና በዛብህ ለምን አልተጋቡም ብለን አናብቃ። ሕፃኑ የማንን ዕዳ ከፈለ? ፊታውራሪው የሚመዝኑበት ሚዛን በእኛ የሽምግልና ጉባኤ ላይ፣ ጋብቻ ሲጠየቅና ዘር ሲቆጠር፣ አልተሰቀለም ወይ? እያልን እንጠይቅ። መጽሐፉ ፍቅረኞቹን ያገናኛቸው በመቃብር ነው። ክርስቶስ ግን መቃብሩን ባዶ አድርጎ ወጥቶ ደቀ መዛሙርቱን በባሕር ዳር ወደ ማዕድ ጠራቸው። በዚያ ማዕድ የተለየ ሲኒ የለም። እኒያ እናት ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ይቅርታ ሳልጠይቃቸው አረፉ። ሲኒውን በትክክል ማዳረስ የሚገባኝ ለቀሩት ነው።