የክርስትና አባት ወዴት ሄደ? አበልጅነትና የልጅ አስተዳደግ በደሴና በኮምቦልቻ

ስለ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት የጻፉልን ሰዎች ልጁን የሚያገኙት ፊደል ሲቆጥር ነው። በ1962 ዓ.ም. የታተመው የሊቀ ሥልጣናት ሀብተ ማርያም ወርቅነህ «ጥንታዊ የኢትዮጵያ ሥርዓተ ትምህርት» ከሚጠቀሱት ዋናው ነው፤ የመስኩ ጽሑፍ ሁሉ ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከቅኔ ቤት ወደ መጻሕፍት ቤት ይሻገራል። ደቡብ ወሎም በዚህ ታሪክ የምትኮራበት አላት፤ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን አቡነ ተክለ ሃይማኖትን የመሰሉ ደቀ መዛሙርት የወጡበት ገዳም ነው። ይህ ግን የካህናትና የመነኮሳት ታሪክ ነው። የገበሬው ልጅ፣ የነጋዴው ልጅ፣ ይልቁንም ሴቷ፣ የቅኔ ቤት ደጃፍ ሳትረግጥ ክርስቲያን ሆና አድጋለች፤ ልጆችም አሳድጋለች። ማን አስተማራት? እናቷ እንዳንል እናቷንስ ማን አገዛት? ጽሑፎቻችን ችላ ያሉት መልስ አበልጅ ነው።

ሥርዓቱን ቀረብ ብለን እንየው። ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሣሉ። ሕፃኑ መናገር ስለማይችል ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን የሚክደው፣ ወደ ምሥራቅ ዞሮ እምነቱን የሚናገረው የክርስትና አባቱ ነው፤ ለሴቷ የክርስትና እናቷ። ከውኃ ሲወጣም የሚቀበለው እርሱ ነው። ሕፃኑ ሜሮን ይቀባል፣ ማተብ ይታሰርለታል፣ ይቆርባል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወላጅና የክርስትና አባት አበልጅ ናቸው፤ ፍትሐ ነገሥቱ ይህን ዝምድና ጋብቻ እስከ መከልከል ድረስ እንደ ሥጋ ዝምድና ያከብረዋል። ነገሩን እንደ ውል ከቆጠርነው ሕፃኑ ምንም አልፈረመም። ዕዳው ያለው በአፉ የካደለትና ያመነለት ሰው ላይ ነው።

ወሎ ውስጥ ይህ ውል ሌላም ፊት አለው። በ1870 ዓ.ም. ከደሴ ብዙም በማይርቀው ቦሩ ሜዳ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ሊቃውንቱን ሰብስበው የክርስቶስን ልደት ነገር አከራከሩ፤ የሦስት ልደት ትምህርት ተወገዘ። የወሎው መሪ መሐመድ አሊም ክርስትና ተነሥቶ ሚካኤል ተባለ፤ የክርስትና አባቱ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ሆኑ። ምኒልክም አመዴ ሊበንን አባ ዋጠውን ክርስትና አንሥተው ኃይለ ማርያም አሰኙት። ስለ ልደት በተከራከሩበት ሜዳ አንድ ጎልማሳ እንደ ገና ተወለደ ማለት ነው፤ ለሥነ መለኮት ተማሪ ጥሩ ምሳሌ፣ ለታሪክ ተማሪ ግን የሚያስጨንቅ። በዚህ ጊዜ አበልጅነት ማስገበሪያ ነበርና። ግዳጁን ያልተቀበሉ እንደ ሸህ ጦልሃ ያሉ መሪዎች ሸፍተዋል፤ የዚያን ዘመን የወሎ ሙስሊም ምን እንደ ነበር ማወቅ የሚሻ የፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድን ጥናት ማንበብ አለበት።

ከዚያ በኋላ ያለው የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ነው። መሐመድ የነበረው ሚካኤል ራስ ሆነ፤ ደሴን መቀመጫው አደረገ፤ በ1906 ዓ.ም. ንጉሥ ተባለ። ልጁ ወይዘሮ ስኂን እቴጌ መነንን ወለደች። የሚካኤል አባት የኢማም አሊ የልጅ ልጅ ልጅ የክርስቲያን ንጉሠ ነገሥት ባለቤት ሆነች። ሌላው ልጁ ልጅ ኢያሱ ግን መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. «ሰልሟል» ተብሎ ከሥልጣን ወረደ። ክሱ እውነት ይሁን ውሸት ክርክሩ አላበቃም፤ እኔን የሚገርመኝ የአንድ ልጅ አስተዳደግ በአገር ሸንጎ መመዘኑ ነው።

ሕዝቡ ግን የነገሥታቱን አበልጅነት በቤቱ ለወጠው። ደሴ ላይ የክርስትና ድግስ ያለበትን ቤት ጓሮ የገባ ያውቀዋል። ለሙስሊም ዘመድና ጎረቤት በጉ ለብቻ ይታረዳል፤ የሚያርደው ሙስሊም ነው፤ ድስቱም ጭልፋውም ለየብቻ ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ሳህን ተሸክሞ ሲመላለስ «ያን አትቀላቅል፣ የነ እትዬ ነው» ይባላል። ትምህርቱ ይኸው ነው። ማን እንደሆነ የሚያውቀው ሌላውን በመናቅ ሳይሆን ጭልፋ ባለማደባለቅ ነው። ሙስሊሟ ጎረቤት ሕፃኑን ስትመርቅ «አሚን» የሚለውና «አሜን» የሚለው አንድ ላይ ይሰማል። አያቱ አሊ ወይም መሐመድ የሆነ ክርስቲያን ወሎ ውስጥ ብርቅ አይደለምና ልጁ «እኛ» ሲል ሰፋ አድርጎ ነው።

አበልጁም ከዚህ ድግስ በኋላ አይጠፋም ነበር። ለቡሄ፣ ነሐሴ 13፣ ለክርስትና ልጁ ሙልሙል ይልካል። ነገሩ ዳቦ ይምሰል እንጂ በዓመት አንድ ቀን ልጁ ያለበትን ማየት ነው። ማተቡ አለ ወይስ ተበጥሷል? ዘንድሮ ፍልሰታን ጾመ ወይስ ገና ነው? ልጅ አባቱን የሚደብቀውን ለክርስትና አባቱ ያወጣል፤ አባትም ልጁ ሲያስቸግረው «ለአበልጄ እነግርልሃለሁ» ይላል። ቁጣው ከቤት ስለማይመጣ ይከብዳል።

ዛሬ ይህን ሸክም የተረከበው ሰንበት ትምህርት ቤት ነው። በ1965 ዓ.ም. የወጣው የቤተ ክርስቲያን መተዳደሪያ ደንብ፣ ቃለ ዓዋዲ፣ በሰበካው መዋቅር ስፍራ ከሰጠው ወዲህ የከተማ ልጅ መዝሙር፣ ሥርዓትና የቃል ትምህርት የሚቀስመው እዚያ ነው። ውለታው ትልቅ ነው፤ ልጃገረዶችን ከወንዶች እኩል አስቀምጦ ማስተማሩ ብቻውን ቅኔ ቤቱ ያላደረገው ነው። ሁለት ነገር ግን ቅር ይለኛል። አንደኛ፣ ትምህርቱ እየዋለ እያደረ የመልስ ትምህርት ሆኗል፤ ልጁ ጥያቄው ሳይመጣበት ለፕሮቴስታንቱ ምን እንደሚመልስ፣ ለሙስሊሙ ምን እንደሚመልስ ያጠናል። ጭልፋው ያስተማረውን መልስ ማጥናቱ እንዳያፈርሰው እፈራለሁ። ሁለተኛ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት የሚያውቀው የመጣውን ልጅ ነው። የቀረውን ፈልጎ የመሄድ ዕዳ ያለበት ሌላ ሰው ነበር።

ኮምቦልቻ ላይ የአበልጁ መጥፋት ፊት ለፊት ይታያል። በጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ ላይ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ሲጨመር ከገጠር የመጡ ወጣቶች በኪራይ ቤት ሰፈሩ። ወላጅ ሩቅ ነው፤ አክስት የለችም። 40 ቀኑ ሲደርስ ሕፃኑን የሚቀበለው አብሮ ፈረቃ የሚገባ ጓደኛ ይሆናል፤ ጥሩ ሰው ነው፣ ነገር ግን በሚቀጥለው ዓመት ሥራ ቀይሮ አዲስ አበባ ሊገባ ይችላል። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሁለቱንም ከተሞች ባጥለቀለቀ ጊዜ ደግሞ ስንት አበልጅ ተበተነ። ደሴም ብትሆን አላመለጠች፤ የክርስትና አባት የሚመረጠው ባለው አቅም፣ በሚያመጣው ስጦታና በሚቆምበት ፎቶግራፍ እየሆነ ነው። ፎቶግራፉ ግድግዳ ላይ ይቀራል፤ ሙልሙሉ ግን አይመጣም።

ወላጆችን መውቀስ ቀላል ነው፤ እኔ ግን ለአጥቢያዎቹ የምለው አለኝ። ሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ሲመዘግብ የወላጅ ስልክ ይጠይቃል። ከሥሩ የክርስትና አባት ወይም እናት ስምና ስልክ የሚጻፍበት አንድ መስመር ይጨመር፤ ልጁ ሦስት እሑድ ሲቀርም መጀመሪያ ወደዚያ ቁጥር ይደወል።