ስለ ልብ ወለድና ስለ ትዕግሥት፤ «ኤራጎን» የተባለውን መጽሐፍ አንብቤ

ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፤ ሰው ያልሆነውን ነገር እንደ ሆነ አድርጎ ሲጽፍ ይዋሻልን? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። እኔ ግን በማስተማር ሥራ ላይ በነበርሁበት ዘመን በችኮላ መልሼው አንድ ልጅ በድያለሁ። አሁን ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ጥያቄው እንደ ገና ቤቴ ድረስ መጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዕድሜዋ 16 ዓመት የሆነ የጎረቤቴ ልጅ፥ ሦስት ደብተር ሙሉ የጻፈችውን ልብ ወለድ ይዛ መጣች። ታሪኩ ከሐይቅ ስለሚወጣ አውሬና አውሬውን ስለምታላምድ ልጃገረድ ነው። «ጋሼ፥ አባቴ የማሳተሚያውን ገንዘብ ሊሰጠኝ ቃል ገብቶልኛል። ለፋሲካ እንዲደርስ ስሕተቱን ብቻ ያርሙልኝ» አለችኝ። «ምን ያስቸኩልሻል?» ብላት፥ «ኤራጎንን የጻፈው አሜሪካዊ የጀመረው ከኔ ባነሰ ዕድሜ ነው» ብላ መጽሐፉን አዋሰችኝ። ሳያነቡ መፍረድ ነውር ነውና አነበብሁት፤ ተከታዩንም ጨመርሁበት። ይህ ጽሑፍ ለእርስዋም ለእናንተም መልሴ ነው።

ደራሲው ክሪስቶፈር ፓኦሊኒ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1983 ዓ.ም. የተወለደ ነው። ያደገው ሞንታና በሚባለው የአሜሪካ ክፍል፥ በተራሮች መካከል ሲሆን የተማረውም በቤቱ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በ15 ዓመቱ ጨርሶ መጽሐፉን መጻፍ ጀመረ። የታሪኩም ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ኤራጎን የተባለ የገበሬ ቤት ልጅ አደን ወጥቶ ሳለ ሰማያዊ ድንጋይ ያገኛል። ድንጋይ የመሰለው የዘንዶ እንቁላል ኖሮ ሳፊራ የተባለች ዘንዶ ትፈለፈልበታለች። የክፉው ንጉሥ መልክተኞች እንቁላሉን ፍለጋ መጥተው ያሳደገውን አጎቱን ይገድሉበታል። እርሱም ብሮም ከሚባል ተረት ነጋሪ ሽማግሌ ጋራ ደም ለመመለስ ይወጣል፤ በመንገድም ሰይፍና አስማት ይማራል።

በቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ እግር ሥር ዘንዶ ተወግቶ ተሥሎ እያየን ላደግን ለኛ፥ ዘንዶ ወዳጅ ሆኖ መገኘቱ መጀመሪያ ያስደነግጣል። ነገር ግን ሳፊራ ልጁን ትመክረዋለች፤ ሲታበይም ትገሥጸዋለች። ስለዚህ በስምዋ ሳይሆን በሥራዋ ልንመዝናት ይገባል።

መጽሐፉን እንደ መምህር ስመረምረው ሁለት ጉድለት አገኘሁበት። የመጀመሪያው፥ ብዙው ነገር ከሌላ የተወሰደ መሆኑ ነው። አጎቱ የተገደለበት የገበሬ ቤት ልጅ፥ የቀድሞ ማዕርጉን ሰውሮ የሚኖርና ልጁን አስተምሮ በመካከል የሚሞት ሽማግሌ፥ ከእስር የምትወጣ የንጉሥ ልጅ፥ እነዚህ ሁሉ በ1977 በታየው «ስታር ዋርስ» በተባለው ፊልም ውስጥ አሉ። ድንክ አንጥረኞቹና ዕድሜ የማይገታቸው የዱር ሕዝቦችም፥ እንግሊዛዊው ቶልኪን በ1954 እና በ1955 ባሳተሙት ታላቅ ድርሰት ውስጥ የኖሩ ናቸው። የመጽሐፉ ስም እንኳ ድራጎን ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የመጀመሪያው ፊደል ተነሥቶ በፊደል ተራ የሚከተለው የገባበት ነው። ሁለተኛው ጉድለት የቃል ብዛት ነው። አንድ ቅጽል በሚበቃበት ስፍራ ሦስት ይደረደራል፤ ፀሐይ በወጣችና በጠለቀች ቍጥር ደራሲው ሊያስጌጣት ይደክማል።

ሆኖም የጀማሪን መበደር ሌብነት ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ዘር ያጣ ገበሬ ከጎረቤቱ ይበደራል፤ ነውሩ ዘርቶ አምርቶ ሳይከፍል ሲቀር ነው። ታዲያ ይህ ልጅ ከተበደረው ምን አመረተ?

እኔ ያገኘሁት ምርት ስለ ቋንቋ የጻፈው ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ አስማት የሚሠራው በአንድ ጥንታዊ ቋንቋ ነው። በዚያም ቋንቋ መዋሸት አይቻልም፤ የነገርን እውነተኛ ስም ያወቀም በነገሩ ላይ ኀይል ያገኛል። የእውነተኛ ስም ነገር አሜሪካዊትዋ ኡርሱላ ለ ጊን በ1968 ባሳተሙት መጽሐፍ አስቀድሞ ነበረ። ከዚህ ቀጥሎ የምነግራችሁን ግን ከሌላ አላነበብሁም። በመጽሐፉ መጨረሻ ገደማ አንዲት ሕፃን ለበረከት ወደ ኤራጎን ትቀርባለች። እርሱም በጥንታዊው ቋንቋ «ከመከራ የተጋረድሽ ሁኚ» ሊል ፈልጎ፥ በሰዋስው ስሕተት «የመከራ ጋሻ ሁኚ» ይላታል። ስሕተቱን የሚያውቀው በ2005 በወጣው በሁለተኛው መጽሐፍ ነው። ሕፃንዋ በዚያ በአንድ ቃል ምክንያት የሰውን ሁሉ ሕመም የምትሰማና ለሌላው ጋሻ ሆና የምትሠቃይ ሆና ይገኛታል። ክፋት አላሰበም፤ በጎ አስቦ ነው የጎዳት። ከአነጋገር ይፈረዳል፥ ከአያያዝ ይቀደዳል የሚለውን ተረታችንን ሞንታና ያለ ልጅ ሰምቶት ባያውቅም፥ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የሚያቀርብለት አይመስለኝም።

ይህን ስፍራ ሳነብ መጽሐፉን ከድኜ ብዙ ቆየሁ። ምክንያቱን ልናዘዝ። እኔ ባደግሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የፈጠራ ተረት ሁሉ ውሸት ነው ተብለን ተምረናል። እነዚያው መምህራን ግን ጆን በንያን የጻፉትን፥ በ1678 የታተመውን የክርስቲያን መንገደኛ ታሪክ እንድናነብ ይሰጡን ነበር። በእርሱ ውስጥ መንገደኛውን የሚዋጋ ጭራቅ አለ፤ ተስፋ መቍረጥ የሚባል ግዙፍ ሰውም መንገደኞችን በግንብ ያስራል። ይህ እንዴት ውሸት እንዳልተባለ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም። መምህር ከሆንሁ በኋላ አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ፥ በጅብ ተቀምጦ ዝናም ሊያመጣ ስለ ሄደ ልጅ ድርሰት ጽፎ አቀረበልኝ። እኔም በቀይ ቀለም «ውሸት አትጻፍ» ብዬ መለስሁለት። ከዚያ ወዲህ ያ ልጅ ድርሰት ባዘዝሁ ቍጥር ሦስት መስመር ጽፎ ይሰጠኝ ነበር፤ አራተኛ መስመር አላየሁበትም። ከውሸት ልከልለው ብዬ ከመጻፍ ከለከልሁት። የኔም ስሕተት በበረከት ፈንታ የተነገረ አንድ ቃል ነበረ።

አሁን መልሴን ላርም። ውሸታም ማለት ያልሆነውን ሆነ ብሎ የሚሰውር ነው፤ ልብ ወለድ ጸሐፊ ግን ታሪኩ ከልቡ የተወለደ መሆኑን አስቀድሞ ይናገራል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 ሮም ላይ ያሳተሙት መጽሐፍ ስሙ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበረ፤ እኛም ለዚህ ዓይነት ጽሑፍ ሁሉ ስሙን ከዚያ ወረስን። በስሙ የተናዘዘ ነገር ውሸት አይባልም። ከተናዘዘም በኋላ እውነት ይፈለግበታል፤ ይኸውም ስለ ሰው ልብ የሚናገረው እውነት ነው።

የቀረው የማሳተም ነገር ነው። ልጅቱ ለችኮላዋ ምስክር አድርጋ የጠራችው ደራሲ ተመልሶ በእርስዋ ላይ ይመሰክራል። እርሱ የመጀመሪያውን ረቂቅ በአንድ ዓመት ጨረሰ፤ አንብቦም አልወደደውምና ሁለተኛውን ዓመት እንደ ገና ሲጽፈው ኖረ፤ ሦስተኛው ዓመት ከወላጆቹ ጋራ በማረምና ለኅትመት በማሰናዳት አለፈ። ቤተ ሰቡ በራሱ ገንዘብ ያሳተመው በ2002 ነው። የሽፋኑን ሥዕል ደራሲው ራሱ ሣለ። ከዚያም የጥንት ዘመን ልብስ ለብሶ ከ135 በሚበልጡ ትምህርት ቤቶችና ቤተ መጻሕፍት እየዞረ ስለ መጽሐፉ ተናገረ። የደራሲው የካርል ሃያሰን የእንጀራ ልጅ አንዱን ቅጂ ገዝቶ ወደደው፤ በዚህም ምክንያት ክኖፍ የተባለው ትልቅ አሳታሚ ዘንድ ደረሰ። አሳታሚውም እንደ ገና አሳርሞ በነሐሴ 2003 አወጣው። ደራሲው ያን ጊዜ 19 ዓመቱ ነበረ። አራት መጽሐፍ የሆነው ታሪክ የተፈጸመውም በ2011 ነው። በራሱ መጽሐፍ ውስጥ አስማተኛ በቃሉ ድንጋይ ቢያነሣ በእጁ ያነሣውን ያህል ይደክማል፤ ደራሲው የጻፈውን ሕግ በራሱ ኑሮ ፈጽሞታል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ብዙ ሰዎች መጽሐፉን ያመሰገኑት የጻፈውን ልጅ ዕድሜ አይተው ነው። መጽሐፍ ግን በአንባቢ እጅ ሲገባ ዕድሜ የለውም፤ «ልጅ ነው የጻፈኝ» ብሎ ይቅርታ አይለምንም። ከላይ የቈጠርኋቸው ጉድለቶችም ከሦስት ዓመት ድካም በኋላ የቀሩ ናቸው። ለሦስት ወር የተደከመበት ምን ይዞ ሊቀር ነው?

ስለዚህ የልጅቱን ደብተሮች በቀይ ቀለም ሳይሆን በእርሳስ አርሜ መለስሁላት። «ሐይቅሽና አውሬሽ ያንቺ ናቸው፤ ጠብቂያቸው። የአስማተኛው ሽማግሌ ግን የተበደርሽው ነውና ወይም መልሺው ወይም የራስሽ አድርጊው። ታሪኩን ለታናናሾችሽ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢላቸው፤ ባዛጉበት ስፍራ ምልክት አድርጊ። ከዚያ ሁሉንም እንደ ገና ጻፊው። የአባትሽ ገንዘብ እስከዚያው ይቀመጥ» አልኋት። ፊትዋን አጥቍራ ሄደች፤ እስካሁንም አልተመለሰችም። ነገር ግን ደብተሮችዋን ጥላ አልሄደችም፤ በደረትዋ አቅፋ ወሰደቻቸው። ስለዚህ ተስፋ አለኝ።

ልጆቼ ሆይ፤ የሌለውን አገር ለመፍጠር አትፍሩ፤ የፈጠራችሁትንም ለማሳየት አትቸኵሉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። ያለ ጊዜው የተሰበረ እንቁላል ግን፥ የዶሮም ሆነ የዘንዶ፥ የሚወጣው አስኳል ብቻ ነው።