«ማስታገሻ» እና «መከላከያ»፦ በአንድ የሕክምና ስያሜ ላይ የቀረበ ትችት

የካንሰር መድኃኒት የሚያስከትለውን ማቅለሽለሽና ማስታወክ ለመግታት የሚሰጡት መድኃኒቶች በተለምዶ «የትውከት ማስታገሻ» ይባላሉ። ስያሜው ለጆሮ አይከብድም፤ ሆኖም በሁለት ወገን ጎደሎ ነው።

አንደኛ፣ «ታገሠ» የሚለው ግሥ የተነሣ ነገር መኖሩን ይጠይቃል። ሕመምም ሆነ ዝናብ የሚታገሠው ከጀመረ በኋላ ነው። የእነዚህ መድኃኒቶች ዋና ተግባር ግን ቀድሞ መገኘት ነው። መልቲፕል ማዬሎማ የተባለው የመቅኔ ካንሰር ያለበትን ሰው ለአብነት እንውሰድ። በመጀመሪያ የራሱ ግንደ ሕዋሳት ተሰብስበው ይቀመጣሉ፤ ቀጥሎ ከፍተኛ መጠን ያለው ሜልፋላን ይሰጠዋል፤ በመጨረሻ ሕዋሳቱ በደም ሥሩ ይመለሱለታል። መከላከያው የሚጀመረው ከሜልፋላኑ በፊት ሲሆን፣ ማቅለሽለሹ ዘግይቶም ስለሚመጣ በተከታዮቹ ቀናት ይቀጥላል። «ማስታገሻ ነው» ተብሎ ክኒን የተሰጠው ሕመምተኛ «ገና አላስታወከኝምና ይቆየኝ» ቢል፣ የተሳሳተው ቃሉ እንጂ እርሱ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ስያሜው ማቅለሽለሽን ይዘላል። ትውከትን አስታማሚ ያያል፤ ማቅለሽለሽን ግን ባለቤቱ ካልተናገረ ማንም አያውቅም። ሰዋስዋችንም ይህንኑ ያመለክታል፤ «አቅለሸለሸኝ» እንላለን እንጂ «አቅለሸለሽሁ» አንልም። ተናጋሪው ሕማሙን ተቀባይ እንጂ አድራጊ አይደለም። በስያሜው ያልተጠራውን ሕማም ሕመምተኛው ሳይናገረው ሊቀር ይችላል። «ፀረ ትውከት» የሚለው አማራጭም የመጀመሪያውን ጉድለት ቢያቃልል ሁለተኛውን እንዳለ ይተወዋል።

ልዩነቱ የቃል ጨዋታ አለመሆኑን እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ያስረዳል። ሜልፋላን ከተሰጣቸው 362 የማዬሎማ ሕመምተኞች መካከል፣ በግራኒሴትሮንና በዴክሳሜታዞን ላይ አፕሬፒታንት ከተጨመረላቸው 58 በመቶው ሳያስታውኩ፣ ተጨማሪ ማስታገሻም ሳያስፈልጋቸው አልፈዋል፤ ካልተጨመረላቸው ግን 41 በመቶው ብቻ። ጥናቱ መከላከያውንና ማስታገሻውን ለይቶ ቆጥሯል፤ የማቅለሽለሽን ብርታትም ለብቻው መዝግቧል።

«መከላከያ ማለት ፍጹም ዋስትና መስጠት ይመስላል» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን ሕዝቡ «የወባ መከላከያ» ሲል ወባ ከቶ አይዝም ማለቱ አይደለም።

ስለዚህ አስቀድሞ ለሚሰጠው «የማቅለሽለሽና የትውከት መከላከያ»፣ መከላከያው እያለ ለተነሣው ደግሞ «ማስታገሻ» እንዲባል እናሳስባለን። ስያሜው ረዝሟል ቢባልም፣ ክኒኑ መቼ እንደሚዋጥና ምን መነገር እንዳለበት ለሕመምተኛው ያስታውቀዋል።