ባላስቱ ከበር ውጭ ይሁን

«ጋሼ፣ አሰላ እኮ ብርድ አገር ነው፤ ሙቀት ምን ያስጨንቃችኋል?» አለችኝ አዲስ የተቀጠረች ልጅ። የድንች ቲሹ ካልቸር ክፍላችንን ባላስቶች፣ የፍሎረሰንት አምፖሎቹን ኤሌክትሪክ የሚመጥኑትን ሳጥኖች፣ ከየመደርደሪያው እየነቀልኩ ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ስሰቅል አይታ ነው። ጥያቄዋን ወድጄዋለሁ። በሙያው አብሮኝ የቆየ ወዳጄም «ትልቅ ኤሲ ግጠሙና ተገላገሉ» እያለ እስከ ዛሬ ይሞግተኛል፤ ለሁለቱም ያለኝ መልስ አንድ ነው።

ብርዱ እውነት ነው፤ ከ2,400 ሜትር በላይ ነን። ግን ያ ብርድ ክፍሉ ውስጥ መግባት አይችልም። ብልቃጦቹ ውስጥ ያሉት ሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል የለቀቃቸው የጉደኔና የበለጠ ቡቃያዎች ናቸው፤ ከበሽታ ነፃ የሆነ የዘር ድንች መነሻ እነሱ ናቸው። መስኮት ከተከፈተ አቧራው፣ የሻጋታው ዘር፣ በዓይን የማይታየው ተባይ አብሮ ይገባል። ስለዚህ ክፍሉን እንዘጋለን። የተዘጋ ክፍል ደግሞ አሰላም ሆነ አዋሽ ለውጥ የለውም፤ መብራቱ ያወጣው ሙቀት እዚያው ይጠራቀማል። ብርዱ ወደ ሙቀቱ መሄድ ካልቻለ ሙቀቱን ወደ ብርዱ ማውጣት ነው። አምፖሉ ከተክሉ በላይ መሆን አለበት፤ ባላስቱ ግን እዚያ ምን ይሠራል? ብርሃን አይሰጥም። ኮሪደር ላይ አቧራ ቢጠጣ ማንም አይጎዳም።

ወዳጄ በቁጥር ይመጣል። 80 ባለ 36 ዋት ፍሎረሰንት ያለው ክፍል ከአምፖሎቹ ብቻ 2,880 ዋት ሙቀት ያገኛል። የብረት ባላስት እያንዳንዱ 9 ዋት ያህል ያባክናል ብንል 720 ዋት ይሆናል። «ከጠቅላላው አንድ አምስተኛ ነው፤ ለዚህ ሁሉ ሽቦ መዘርጋት ምን አስፈለገ?» ይላል። ሒሳቡ ልክ ነው። እኔ የምለው፣ ብርሃን ሳንቀንስ ልናስወጣው የምንችለው ያንን አንድ አምስተኛ ብቻ ነው። ውስጥ ከተውነው ሁለት ጊዜ እንከፍልበታለን፤ አንዴ ባላስቱ ሲበላው፣ አንዴ ኤሲው ሲያስወጣው። ኤሲው ቢቆምስ? መብራቱ እየሠራ ኤሲው ብቻ የተበላሸ ቀን መብራቱን ከማጥፋት በቀር የክፍሉን ሙቀት መቆጣጠሪያ መንገድ የለም።

ደግሞ ነገሩ የዋት ብዛት ብቻ አይደለም፤ ዋቱ የት እንዳለ ነው። ከመደርደሪያ ስር የታሰረ ባላስት ከላዩ የተቀመጠውን ብልቃጥ ከታች ያሞቀዋል። ቡቃያው የሚያድግበት ጄል ሲሞቅ ውሃው ይተናል፤ ክዳኑ ቀዝቃዛ ስለሆነ እዚያ ጤዛ ሆኖ ይንጠለጠላል። ከባላስቱ በላይ ያለውን ረድፍ ብቻ እያነሳችሁ እዩ። ክዳኑ ረጥቧል፤ ቡቃያው ወፍሮ፣ ውሃ ቋጥሮ፣ ቅጠሉ ብርሃን ያሳልፋል። እንዲህ ያለ ቡቃያ ብልቃጥ ውስጥ እያለ ያማረ ይመስላል፤ አፈር ላይ ሲወጣ ግን ይጠወልጋል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ቴርሞሜትር ያን ሁሉ ጊዜ 24 ዲግሪ እያለ ነበር። ቴርሞሜትሩ አልዋሸም፤ የተሰቀለበትን ቦታ ነው የነገረን።

የብረት ባላስት ለዚህ ሥራ ይመቻል። ስታርተሩ እዚያው አምፖሉ ጋ ይቀራል፣ ባላስቱ ሜትሮች ርቆ ይሰቀላል። ኤሌክትሮኒክስ ባላስት ሽቦው ሲረዝምበት ችግር ያመጣል፤ የቮልቴጅ መዋዠቅም አይወድም። ባላስቶቹን ኮሪደር ላይ ስትሰቅሉ ግን አታጨናንቋቸው። ጀርባቸው ላይ «ቲደብልዩ 130» የሚል ታያላችሁ፤ የውስጡ ጥቅል ሽቦ ያለማቋረጥ በ130 ዲግሪ ቢሠራ 10 ዓመት እንዲቆይ ታስቦ ነው። ከዚያ በላይ ከጋለ ዕድሜው በፍጥነት ያጥራል። የእኛ አየር ደግሞ ከባሕር ጠለሉ ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ቀዝቃዛ ቢሆንም ይዞ የሚሄደው ሙቀት ትንሽ ነው። ስለዚህ በባላስትና በባላስት መካከል አንድ መዳፍ ያህል ክፍት አተርፋለሁ፣ ከግድግዳውም አርቄ በብረት ሐዲድ ላይ አስራለሁ። ብዙዎች ይህን ቅንጦት ይሉታል። እኔ ግድ ነው እላለሁ።

አባቴ አርቦዬ ላይ ገበሬ ነበር። ስንዴው ጎተራ ከገባ በኋላ በየጊዜው እጁን እስከ ክርኑ ድረስ ይከት ነበር። ሳይደርቅ የገባ እህል መሃሉ ይግላል፤ ከላይ ሲያዩት ምንም አይልም። ሙቀት ካገኘ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ቀስቅሶን እህሉን አስወጥተን እናሰጣ ነበር። ያኔ እንቅልፌን ስለነሳኝ እናደድበት ነበር። ኤሌክትሪክ የተማርኩት ከተማ ነው፤ ሙቀትን በእጅ መፈለግን ግን ከእሱ ወስጃለሁ። ዛሬም ክፍል ስገባ ከቴርሞሜትሩ በፊት የእጄን ጀርባ ከመደርደሪያው ስር አሳልፋለሁ። አባቴ ኤሌክትሪክ ቤቱ ሳይገባ ነው ያረፈው፤ ይህን ኮሪደር ቢያየው ግን ምን እየሠራሁ እንደሆነ ማንም ሳያስረዳው ይገባው ነበር። በዚህ ሥራ የቆየሁበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

አሁን ወዳጄ «ኤልኢዲ መጥቷል፤ ክርክሩ አበቃ» ይለኛል። ኤልኢዲ ይምጣ፣ እኔም እፈልገዋለሁ፤ ለተመሳሳይ ብርሃን የሚበላው ያነሰ ነው። ግን ድራይቨር አለው፣ ድራይቨሩም ይሞቃል። ለልጅቷም የነገርኳት ይህንኑ ነው፦ አዲሱ ክፍል ሲሠራ አምፖሉ የፈለገው ዓይነት ይሁን፣ ኮሪደሩ ግን ፕላኑ ላይ ከመጀመሪያው ይግባ፤ ፀሐይ በማያገኘው በኩል፣ ሰው መሰላል ይዞ እንዲያልፍበት ሰፋ ተደርጎ።