ስፌቱን ገልብጦ ማየት

ልብስ የሚያውቅ ሰው ከቀለሙ ይልቅ ስፌቱን ገልብጦ ያያል። በጃቫ የተጻፈ ኮድም የሚፈተነው ጄነሪክ ሊስትና ባለብዙ ዳይሜንሽን አሬይ በተጋጠሙበት መስመር ላይ ነው። ጸሐፊው የቱ መጠን እንደማይለወጥ፣ የቱ እንደሚያድግ አስቦበት ይሁን እጁ እንዳመጣለት ይጻፈው እዚያ ላይ ይለያል።

የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር እንውሰድ። ለየቀኑ ቀጠሮ የሚይዝ ፕሮግራም ቢጻፍ ወሩና ቀኑ ቁጥራቸው የታወቀ ስለሆነ አሬይ ይስማማቸዋል፤ የአንድ ቀን ቀጠሮ ግን ባዶም መቶም ሊሆን ስለሚችል ሊስት ይፈልጋል። የጃቫ ባለሁለት ዳይሜንሽን አሬይ ደግሞ በውስጡ አሬይ የያዘ አሬይ እንጂ ሌላ አይደለም፤ ስለዚህ ረድፎቹ እኩል እንዲሆኑ የሚያስገድድ ነገር የለም። 12ቱ ረድፎች 30፣ 13ኛው እንደ ዓመቱ 5 ወይም 6 ሊሆኑ ይችላሉ። 13 በ30 ብሎ የጀመረ ኮድ ግን ጳጉሜን 7 የሚባል ቀን ፈጥሯል፤ ቀጠሮም ይቀበልበታል።

ጭንቁ የሚመጣው ዓይነቱ ሲገለጽ ነው። የስትሪንግ ሊስቶችን የሚይዝ አሬይ ፍጠር ሲባል ኮምፓይለሩ እምቢ ይላል። አሬይ እ.ኤ.አ. በ1996 ከወጣው ከመጀመሪያው ጃቫ ጀምሮ ነበረ፤ ጄነሪክስ የመጣው በ2004 በጃቫ 5 ነው። አሬይ ምን እንደሚይዝ ፕሮግራሙ ራን ሲደረግም ያስታውሳል፤ ያልተፈቀደ ነገር ሲገባበት ወዲያው ስህተት ይወረውራል። የሊስቱ ዓይነት ግን ኮምፓይለሩን ካለፈ በኋላ ይፋቃል፤ የስትሪንግም የኢንቲጀርም ሊስት አንድ ይሆናሉ። አሬዩ በር ላይ የቆመ ጥበቃ ቢሆን፣ የሚመጡት እንግዶች መታወቂያቸው ተፍቋል። ስለዚህ ብዙዎች ዓይነቱ ያልተገለጸ የሊስት አሬይ ይፈጥሩና ኮምፓይለሩ የሚሰጠውን ማስጠንቀቂያ ዝም ያሰኙታል። ይህ በአንድ የግል ፊልድ ላይ፣ ምክንያቱ በኮሜንት ተጽፎ ከሆነ ይታለፋል። መላውን ክላስ ዝም ያሰኘ ሰው ግን ስህተቱን ቀብሮታል፤ የሚፈነዳውም ከተቀበረበት ርቆ ነው።

ይህ ሁሉ ከመጣ ለምን ሁሉንም ሊስት አናደርገውም የሚል ይኖራል። ጆሹዋ ብሎክም «ኢፌክቲቭ ጃቫ» በተባለው መጽሐፉ ላይ ከአሬይ ሊስትን አስቀድሙ ይላል፤ ለኦብጀክት ትክክል ነው። ለቁጥር ሰንጠረዥ ግን ዋጋ ያስከፍላል። 1,000 በ1,000 የሆነ የኢንት አሬይ ወደ 4 ሚሊዮን ባይት ይይዛል፤ በኢንቲጀር ሊስት ሲሆን፣ በተለመደው ባለ64 ቢት ጄቪኤም እያንዳንዱ ቁጥር 16 ባይት ኦብጀክትና 4 ባይት ማመልከቻ ስለሚወስድ፣ ወደ 20 ሚሊዮን ሊደርስ ይችላል። ሁለቱን አጣምሮ የኢንት አሬዮችን በሊስት መያዝም ይቻላል፤ ኮምፓይለሩም ያለ ቅሬታ ይቀበለዋል። ወጥመዱ ሌላ ቦታ ነው፦ ሁለት አሬዮች ይዘታቸው አንድ ቢሆንም እኩል አይባሉም፤ ሊስቱ 3 እና 4 የሚል ጥንድ ይዞ፣ አዲስ 3 እና 4 ሠርታችሁ አለህ ወይ ብትሉት የለኝም ይላል።

ለቀን መቁጠሪያው ከሁሉም የሚያምረው «ቀን» የሚባል ክላስ ሠርቶ ሊስቱን በውስጡ መደበቅ ነው። ክላሱ ጄነሪክ ስላልሆነ አሬዩ ያለ ማስጠንቀቂያ ይፈጠራል። (ጃቫ ስሙን በግዕዝ ፊደል ብትጽፉትም ይቀበላል፤ የሚጠቀምበት ጥቂት ነው እንጂ።) ለዚህች ብላችሁ ክላስ? የሚል ቅሬታ አለ። ግን ክላሱ ከአሥር መስመር አይበልጥም፤ በየቦታው የተበተነውን ዝም ማሰኛ ሁሉ ያስቀራል።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ኮድ ገምግሙ ከተባላችሁ፣ መጀመሪያ ጳጉሜን 7 ላይ ቀጠሮ ለመያዝ ሞክሩ። ከዚያ መስከረም 1 ላይ አንድ ቀጠሮ ጽፋችሁ መስከረም 2ን ክፈቱ። እዚያም ከታየ፣ ጸሐፊው አንድ ሊስት ፈጥሮ ሠላሳውን ቀን በእሱ ሞልቶታል፤ ኮዱን መልሱለት።